በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃና የሸክላ ፒፓ

በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ፍሬንድሺፕ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1933 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአገሪቱ የጥንታዊ ጠመንጃ ተኳሾች ማኅበር ሜዳው እዚያ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ለውድድር የሚሰበሰቡት ሰዎች የሚተኩሱት ባሩዱም ጥይቱም በአፈሙዙ የሚገባበትን ጠመንጃ ነው። ከእነዚህ ተኳሾች ብዙዎቹ የጥንቱን ኑሮ ከነልብሱና ከነድንኳኑ መድገም ስለሚወዱ፣ በሰፈራቸው ነጭ የሸክላ ፒፓ የያዘ ሰው አይጠፋም።

ጠመንጃውና ፒፓው አብረው የሚነሱት በዘመን ስለሚገናኙ ብቻ አይደለም። ሁለቱም በጠባብ ቦታ ውስጥ የታሸገ እሳትን የማዘዝ ጥበብ ናቸው። የሚለያቸው እሳቱ አየሩን የሚያገኝበት ቦታ ነው፤ ይህን የያዘ አንባቢ ሌላው ሁሉ ይገለጥለታል።

ከጠመንጃው እንጀምር። ለትምህርት የሚመቸው በ18ኛው መቶ ዘመን በፔንሲልቬኒያ፣ በተለይ በላንካስተር አካባቢ፣ ጀርመናውያን ስደተኞች ይሠሩት የነበረው ረጅሙ ጠመንጃ ነው። ቱቦው ብቻውን ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ውስጡም ጠመዝማዛ ቦይ ተፈልፍሎበታል። ተኳሹ ሰደፉን መሬት አስረግጦ፣ አፈሙዙን ከፊቱ አርቆ፣ ባሩዱን ከቀንድ ወደ መስፈሪያ ይቀዳል፤ ከመስፈሪያው ደግሞ ወደ ቱቦው ይገለብጣል። ከቀንዱ በቀጥታ ማፍሰስ ክልክል ነው። ካለፈው ተኩስ የተረፈች ፍም ቱቦው ውስጥ ብትኖር፣ የመስፈሪያው ባሩድ ቢበዛ እጅ ይለበልባል፤ የቀንዱ ግን ከያዘ ፈንድቶ ሰው ይገድላል። ጀማሪ አስቀድሞ የሚማረው፣ ሲረሳም የሚቆጡት በዚህ ነው።

ቀጥሎ በሞራ የታሸ የጥጥ ወይም የተልባ እግር ጨርቅ አፈሙዙ ላይ ይነጠፋል፤ ክቡ የእርሳስ ጥይትም በላዩ ይቀመጣል። ጥይቱ ከቱቦው ትንሽ ይቀጥናል። ክፍተቱን የሚሞላው፣ ቦዩን ይዞ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጨርቁ ነው፤ የዒላማው ትክክለኛነትም ከዚያ ይመጣል። ጥይቱ በረጅም ዘንግ እስከ ባሩዱ ድረስ ይገፋል። እዚህ ላይ መቻኮል አያዋጣም፤ በጥይቱና በባሩዱ መካከል ባዶ ቦታ ከቀረ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ተኳሾች ጥይቱ ቦታው መድረሱን የሚያሳይ ምልክት በዘንጉ ላይ ያደርጋሉ።

ባሩዱ እንዲህ ታፍኖ እንዴት ይነዳል? ጥቁር ባሩድ በተለመደው አሠራር 75 በመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰል፣ 10 በመቶ ድኝ ነው። ከሰሉና ድኙ ነዳጆች ናቸው፤ ናይትሬቱ ደግሞ ኦክስጅን ተሸካሚ ነው። ባሩድ ትንፋሹን በውስጡ ይዞ ስለሚገባ የውጭ አየር አያስፈልገውም።

የሚያቀጣጥለው ባልጩት ነው። ምላጩ ሲሳብ ባልጩቱን የነከሰው ክንድ ወርዶ ብረቱን ይፍቃል። ብዙ ሰው ብልጭታው ከድንጋዩ የሚወጣ ይመስለዋል፤ የሚነደው ግን ከብረቱ የተፋቀው ብናኝ ነው። ብልጭታው ከጎን ባለች ትንሽ ሳህን ላይ የተነሰነሰውን ደቃቅ ባሩድ ይይዛል፤ እሳቱም በቀዳዳ ወደ ቱቦው ይገባል። በዚያች ቅጽበት ተኳሹ ከደነገጠ ዒላማውን ይስታል። ሳህኑ በርቶ ጠመንጃው ዝም ካለ ደግሞ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ በጦር ሜዳ ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ወታደሮች ከመቅደላ ወርደው አሮጌ ላይ ሲገጥሙ በእጃቸው የነበረው ጠመንጃ አብዛኛው በአፉ የሚጎርስ ነበር። ከፊታቸው የቆመው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናይደር ከኋላ ይጎርሳል። የሚገርመው፣ ስናይደር ሲጀመር በአፉ ይጎርስ የነበረውን የኤንፊልድ ጠመንጃ ኋላውን ቆርጦ በመለወጥ የተሠራ መሆኑ ነው።

ወደ ፒፓው እንለፍ፤ መሻገሪያም አለን። በ18ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ጠመንጃ ሠሪዎች ያንኑ የባልጩት ስልት ቱቦ በሌለው፣ ሽጉጥ በሚመስል ትንሽ መሣሪያ ላይ ይገጥሙት ነበር። ብልጭታው በባሩድ ፈንታ ቶሎ የሚይዝ ጭራሮ መሰል ነገር ላይ ይወድቃል፤ ሻማም ፒፓም በእሱ ይለኮሳል።

ትምባሆ እንደ ባሩድ የራሱ ትንፋሽ የለውም። አየሩ የሚመጣው ከአጫሹ ስበት ነው፤ ስለዚህ አሞላሉ ተቃራኒ ነው። ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ ተደርጎ ይሞላል፤ ከመጠን በላይ ከተጠቀጠቀ ይጠፋል። የመጀመሪያው ልኮሳ ቅጠሉን አሳብጦ ያነሳዋል፤ አጫሹ በቀስታ ይጫነውና እንደገና ይለኩሳል። በኃይል የሚስብ ሰው ምላሱን ይጠበሳል፤ ሸክላውም ይግላል። ሌላው ጉዳት የታወቀ ነው፤ የፒፓ ጢስ የአፍ፣ የጉሮሮና የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ጠመንጃውን ብቻ ወስዶ ፒፓውን ለሙዚየም የሚተው ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ምንም አይቀርበትም።

ለሙዚየም ደግሞ ውለታው ትልቅ ነው። የሸክላ ፒፓ ርካሽ ነበር፤ ቶሎም ይሰበር ስለነበር ስባሪው በየቦታው ተጥሏል። በአሜሪካ በጄምስታውን ቁፋሮ የሚታወቀው አርኪዮሎጂስት ጄ. ሲ. ሃሪንግተን በ1954 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ነገር አሳየ፦ የፒፓው አንገት ቀዳዳ በ1600 እ.ኤ.አ. አካባቢ ወደ 3.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋ ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ግን ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ጠበበ። ብዙ ስባሪ ሰብስቦ ቀዳዳውን የለካ ሰው የሰፈሩን ዕድሜ ይገምታል።

የቀረው ጽዳት ነው። ከነደደው ባሩድ ግማሹ ያህል ጋዝ ሳይሆን ደረቅ ነገር ይሆናል፤ ከፊሉ በጢስ ሲወጣ የቀረው ዝቃጭ ሆኖ ቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ እርጥበት ስለሚስብም ብረቱን ቶሎ ያዝጋል። ስለዚህ ጠመንጃው በተተኮሰበት ቀን በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ይቀባል። የጠቆረው ፒፓ ግን ውሃ አያስፈልገውም። የድሮ መጠጥ ቤቶች ፒፓዎቹን በብረት መደርደሪያ ላይ አድርገው እሳት ውስጥ ይከቷቸው ነበር፤ ሬንጁ ተቃጥሎ ሲያልቅ ሸክላው ነጥቶ ይወጣል።