የቲሸርት ዋጋ ስትጠይቁ ወረቀቱንም ጠይቁ

ዛሬ የቡናም የሰሊጥም ዋጋ አይደለም። የጠቅላላ ጉባኤ ወቅት ሲደርስ ዩኒየኖችም ላኪዎችም በውስጥ መስመር ‹‹ቲሸርት የት እናሳትም? ስንት ነው?›› ትሉኛላችሁ። ለሁላችሁም አንዴ ልመልስ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። አምና አንድ የገበሬዎች ዩኒየን 120 ቲሸርት እንዳሳትምለት አደራ ሰጠኝ። ሰፈሬ ኮልፌ ቀራንዮ ስለሆነ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ዞሬ ፕሮፎርማ ሰበሰብኩና ትንሹን ዋጋ ያዝኩ። ቲሸርቱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ዓርማው ነጭ ክብ ውስጥ ያለ ቀይ የቡና ፍሬ ነበር። ስረከብ ነጩ ክብ የለም! ቀዩም ፍሬ ጠቁሯል። ፕሮፎርማው ‹‹ሂት ትራንስፈር›› ይላል እንጂ ለምን ዓይነት ጨርቅ የሚሆን ወረቀት እንደሆነ አይልም፤ እኔም አልጠየቅኩም። የዩኒየን ገንዘብ የአባላት ገንዘብ ነውና እንደገና ሲታተም ልዩነቱን ከኪሴ ከፈልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራ ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ለነጭና ፈካ ላለ ጨርቅ የሚሆነው ወረቀት ሲተኮስ ጨርቁ ላይ የሚቀረው እንደ ላስቲክ የሚያሳይ ስስ ሽፋን ነው፤ ስለዚህ ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ የጨርቁን ቀለም ይይዛል። ጠቆር ላለ ጨርቅ የሚሆነው ግን የራሱ ነጭ መደብ አለው። ቀለሙን ይጠብቃል፣ ግን ወፈር ይላል፣ አየር አያስገባም፣ ምስሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ እየቆየ ይሰነጠቃል። ዙሪያው በደንብ ካልተቆረጠም ነጭ ጠርዝ ይታያል። አሠራራቸውም ይለያያል፤ በመጀመሪያው ምስሉ ተገልብጦ ይታተማል፣ በሁለተኛው እንዳለ ታትሞ ከጀርባ ወረቀቱ ይላጥና ጨርቁ ላይ ተነጥፎ፣ የሲሊኮን ወረቀት ለብሶ ይተኮሳል። ጽሑፉ የተገለበጠ ቲሸርት ካያችሁ ሁለቱን ያምታታ ሰው ነው የሠራው።

በቢሮ ፕሪንተር ራሳችን እናትማለን የምትሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሌዘር ፕሪንተር በሙቀት ነው የሚሠራው፤ የኢንክጄት ወረቀት ከገባበት ሽፋኑ ቀልጦ ውስጡ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ የምትጠይቁት የወረቀት ዋጋ ሳይሆን የጥገና ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ሄዷል፤ ላኪውን ደስ ያሰኘው ነገር ወረቀት ላይ ሲደርስ ሸክም ነው። ስለዚህ የአንዱ ሉህ ዋጋ ላይ አትከራከሩ፣ ከአንድ ሉህ ስንት ህትመት እንደሚወጣ አስሉ። ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። 6 በ6 የሆነ የደረት ዓርማ 12 ጊዜ ይወጣበታል፤ ሙሉ ደረት የሚሸፍን ከሆነ አንዴ ብቻ። ያው 120 ቲሸርት በ10 ሉህም በ120 ሉህም ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ይኼን ባውቅ ኖሮ ስንት ሰዓት ሙሉ ለቅናሽ ባልተጨቃጨቅኩ!

ብዛቱ ብዙ መቶ ከሆነና ዓርማው አንድ ወይም ሁለት ቀለም ብቻ ካለው ወረቀቱን እርሱት፣ ስክሪን ይሻላል፤ የፍሬሙ ወጪ አንዴ ወጥቶ ለሁሉም ይካፈላል። ቀለሙ ከበዛና ጨርቁ ጠቆር ካለ ዲቲኤፍን ጠይቁ፣ ነጩን ራሱ ያትማል፣ ለጥጥም ለፖሊስተርም ይሆናል። ‹‹ሰብሊሜሽን ርካሽ ነው›› ካሏችሁ ጨርቁን እዩ። እሱ የሚይዘው ነጭ ወይም ፈካ ያለ ፖሊስተር ላይ ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ላይ ታጥቦ ይሄዳል።

ቡና ሳታስቀምሱ ዋጋ አትቆርጡም አይደል? እዚህም ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ ጨርቅ ናሙና አሠሩ። አንድ ቀን አሳድራችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት። ጠርዙ ከተነሳ ወይ ሙቀቱ ወይ ግፊቱ አንሷል፣ ወይ ጨርቁ እርጥበት ነበረው። ጨርቁ አስቀድሞ ባዶውን ለጥቂት ሰከንድ መተኮስ አለበት፣ በክረምት በተለይ። መብራት ሄዶ ሲመጣም ማሽኑ እንደገና በደንብ እስኪግል ካልተጠበቀ ከአንድ ትእዛዝ ውስጥ ግማሹ ደህና፣ ግማሹ የሚላጥ ይሆናል። ስትረከቡ ከላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከመሃልም እያወጣችሁ እዩ።

ፕሮፎርማው ላይ የጨርቁ ዓይነትና ቀለም፣ የህትመቱ ዘዴ፣ ወረቀት ከሆነ ለፈካ ወይም ለጠቆረ ጨርቅ መሆኑ፣ የህትመቱም ስፋት በሳንቲ ሜትር ይጻፍ። ዘንድሮ ያው ዩኒየን መልሶ እኔኑ ጠይቆኛል፣ እግዜር ይስጣቸው። ዓርማውን ወደ 6 ሳንቲ ሜትር አሳንሰነዋል፤ ናሙናው ሁለተኛ ታጥቦ አሁን ገመድ ላይ ነው።