በረኛን በምን እንመዝነው?

ካፋ ላይ ዝናብ የሌለበት ወር ማግኘት ከባድ ነው። በቦንጋ ዙሪያ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልል ብሎ የመዘገበው ደንም፣ በሥሩ የበቀለው ቡናም የቆሙት በዚሁ ዝናብ ነው። ለበረኛ ግን ዝናብ ባላንጣው ነው። ኳሷ ትከብዳለች፣ ታዳልጣለች። የግቡ አፍ ላይ ያለው ሣር በግጥሚያ ብዛት ተልጦ ጭቃ ይሆናል፤ መሬት ለመሬት የተመታች ኳስም እጁ ላይ ልትደርስ ስትል አቅጣጫዋን ትቀይራለች። እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ያደገ ተመልካች ስለ ግብ ጠባቂ ብቃት የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን በአብዛኛው የምናጨበጭበው በአየር ላይ ተዘርግቶ ለወደቀው ነው፤ የምንሰድበው ደግሞ ኳስ ከእጁ ያመለጠችውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሥራ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። አንድ ሰው ቆሞ የሚሸፍነው ቦታ አይደለም። ስለዚህ የበረኛ ዋና ሥራ አጥቂው ከመምታቱ በፊት ክፍተቱን ማጥበብ ነው። አጥቂው ብቻውን ሲመጣ ሁለትና ሦስት እርምጃ ወደፊት የወጣ በረኛ ለመቺው የሚታየውን መረብ ያጠብበታል። በሰዓቱ ወጥቶ፣ በሰዓቱ ቆሞ፣ ኳሷ ደረቱ ላይ ስትመጣለት «ምን አደረገ? እሱ ላይ መታበት እንጂ!» እንላለን። እውነቱ ግን እሱ ላይ እንዲመታ ያደረገው ራሱ ነው። ያንኑ ኳስ ቦታውን የሳተ በረኛ ተወርውሮ በጣቱ ጫፍ ቢያወጣው ሜዳው በጭብጨባ ይናወጥ ነበር። በእኔ ግምት ብዙ የሚወረወር በረኛ ሁለት ጊዜ ሊመረመር ይገባዋል፤ አንድም ድንቅ ነው፣ አንድም አቋቋሙ የተበላሸ ነው።

የመአዘን ምት ሲመታ ዓይናችሁን ከኳሷ አንስታችሁ በረኛው ላይ ጣሉ። ጥሩው በረኛ የግቡ መስመር ላይ አይለጠፍም፤ ግማሽ እርምጃ ያህል ቀደም ብሎ፣ ሰውነቱን ወደ ሜዳው ከፍቶ፣ ጉልበቱን ዘና አድርጎ ይቆማል። ኳሷ ስትሻማ ለአንዲት ቅጽበት ሳይንቀሳቀስ የት እንደምትወድቅ ያነባል። ከዚያ ይጮኻል፤ «የኔ!» ካለ ተከላካዩ ይለቅቃል፣ ካላለ ቴስታ ይገጫል። ከተነሳ ደግሞ አንድ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ነው፤ በሚጋፋው አጥቂና በራሱ መካከል ቦታ የሚፈጥርለት እሱ ነው። በዝናብ ቀን በዚህ ላይ አንድ ውሳኔ ይጨመራል፦ ይያዛት ወይስ በቡጢ ያውጣት? ጓንቱ ጭቃ ጠጥቶ ሳለ ለመያዝ የሚሞክር ደፋር ሊባል ይችላል፤ አስተዋይ ግን አይደለም። መሬት ለመሬት የምትመጣውንም ኳስ ቢሆን ሰውነቱን ከኳሷ ጀርባ አድርጎ፣ ምንም ክፍተት ሳይተው ተንበርክኮ ነው የሚቀበለው። መያዝ ካልቻለ ደግሞ ወደ ጎን ይገፋታል እንጂ ወደ መሃል መልሶ ለአጥቂ አያቀብልም።

ቁጥር የሚወዱ ሰዎች በረኛው መረቡን ሳያስደፍር የወጣባቸውን ጨዋታዎች ይቆጥራሉ። ይህ መለኪያ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማየት የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ መመልከት ይበቃል። በ2024/25 የውድድር ዘመን የአርሰናሉ ዴቪድ ራያና የኖቲንግሃም ፎረስቱ ማትዝ ሴልስ እያንዳንዳቸው 13 ጨዋታ መረባቸውን ሳያስደፍሩ ወጥተው የወርቅ ጓንቱን ተካፈሉ። ነገር ግን አርሰናል በዚያ ዓመት የተቆጠረበት 34 ጎል ሲሆን ፎረስት ላይ 46 ገብቷል። ሽልማቱ እኩል ነው፤ ሥራው ግን እኩል አልነበረም። ጠንካራ ተከላካይ ያለው በረኛ ዘጠና ደቂቃ ብርድ እየመታው ቆሞ መረቡን ሳያስደፍር ሊወጣ ይችላል። አሁን በአውሮፓ ባለሙያዎች የሚመዝኑት እያንዳንዱ ምት ከየት እንደተመታና ወደ የትኛው የግቡ ጥግ እንደሄደ አይተው፣ ጎል የመሆን ዕድሉን አስልተው፣ በረኛው ከሚጠበቀው ስንት ጎል እንዳስቀረ በመቁጠር ነው። ቦንጋ ላይ ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ የያዘ አንድ ታዛቢ ይበቃል።

ዜሮ ጎል ሁሉ ነገር የሆነበት ቀን የለም ማለቴ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ዋልያዎቹ ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸንፈው መጡና ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ላይ አዲስ አበባ ስታዲየም 2 ለ 0 አሸነፉ። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሳት ከሜዳ ውጪ ያገባችው ጎል ነበር። የዚያን ቀን አንዲት ኳስ ብትገባብን የአዳነ ግርማና የሳላዲን ሰይድ ጎሎች ከንቱ በሆኑ ነበር።

ውድድሩ ሲደርስ ግን የበረኛ ሚዛን ሌላኛው ገጽ ታየ። የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ላይ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ነበር። በረኛችን ጀማል ጣሰው ኳስ ለማውጣት ወጥቶ እግሩን ከፍ በማድረጉ የዛምቢያውን ቺሳምባ ሉንጉን መታና ከእረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ገባ። ቡድኑ በአሥር ሰው 1 ለ 1 መውጣቱ ጀግንነት ነበር። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስተኛው ከናይጄሪያ ጋር ሲሳይ ባንጫ በሁለተኛ ቢጫ ወጣ፤ ቅያሪው አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ ሪጎሬ ፊት ቆመ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት በረኛ፣ ሁለት ቀይ ካርድ። እነዚህ ልጆች ኳስ ማዳን አቅቷቸው አልነበረም። የጎደለው መቼ መውጣት፣ መቼ መቅረት እንዳለባቸው የሚያስተምር የተደጋገመ ልምምድና ትልቅ ጨዋታ ነበር። የእኛን በረኞች ሲመዝን ብዙ ሰው እጃቸውን ያያል። እኔ ግን አወጣጣቸውን ነው የማየው፣ ካርድም ጎልም የሚመጣው ከዚያ ነውና።

ስለ ሪጎሬ ካነሳን አይቀር፦ ኳሷ የምትመታው ከ11 ሜትር ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትበር መረብ ላይ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃታል። አይቶ መዝለል አይቻልም፤ ቀድሞ መገመት ግድ ነው። እስራኤላውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 286 የፍፁም ቅጣት ምቶችን ተመልክተው በረኞች ከመቶ ወደ 94 ያህሉን ጊዜ ወደ አንድ ጎን እንደሚዘሉ አገኙ፤ ከመቶ 29 ያህሉ ኳስ ግን የሚመታው ወደ መሃል ነበር። ለምን አይቆሙም? ቆሞ ጎል የገባበት በረኛ ሰነፍ ይመስላል፤ ዘሎ የገባበት ግን «ሞክሯል» ይባልለታል። የተመልካች ፍርድ የበረኛውን እግር እስከማንቀሳቀስ ይደርሳል ማለት ነው።

የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ላይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 የደቡብ አፍሪካው ሮንዌን ዊሊያምስ ከኬፕ ቨርዴ አራት የመለያ ምት አመከነ። ዓለም የሚያስታውሰው ያንን ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ለአንድ የተገናኘው አጥቂ የመታትን ኳስ በጣቱ ጫፍ ወደ አግዳሚው የላካትን አስበልጣለሁ። እሷ ባትኖር የመለያ ምት የሚባል ነገር አይኖርም ነበር።

ቁመትን በተመለከተ ሰፈር ውስጥ ያለው ፍርድ አጭር ነው፤ ረጅሙ ልጅ በረኛ ይሆናል። ረጅም መሆን ተሻጋሪ ኳስ ላይ ይጠቅማል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ዋንጫን ስታነሳ ግቧን የጠበቀው ፋቢያን ባርቴዝ ግን 1.80 ሜትር ገደማ ነበር። ዕድሜም እንዲሁ ነው። ግብጻዊው ኤሳም ኤል ሃዳሪ አራት የአፍሪካ ዋንጫ ካነሳ በኋላ፣ በ45 ዓመቱ ሩሲያ ላይ በዓለም ዋንጫ ተሰልፎ የሳዑዲ አረቢያን ሪጎሬ አመከነ። አጥቂ በ20 ዓመቱ ሊያብብ ይችላል፤ በረኛ ግን የሚበስለው በስህተት ብዛት ስለሆነ የ19 ዓመት ልጅ ሁለት ጎል ስለገባበት ከቡድን ማባረር ክለቡን ራሱን መጉዳት ነው። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጅ መያዝ ስለተከለከለ የዛሬ በረኛ በእግሩም መጫወት አለበት። በቅርቡ የመጣው ሕግ ደግሞ ኳሷን ከስምንት ሰከንድ በላይ በእጁ ካቆየ ለተጋጣሚው የመአዘን ምት ይሰጣል።

አገራችን ጥሩ በረኛ ያላት ጊዜ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ግቡ ላይ የቆመው ጊላ ሚካኤል ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ትልልቆቹ ክለቦች ዓይናቸውን ወደ ጎረቤት ጣሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዩጋንዳዊውን ሮበርት ኦዶንካራን፣ ኬንያዊውን ፓትሪክ ማታሲን፣ ኋላም ቻርልስ ሉክዋጎን አሰልፏል። ለካፋ ቅርብ የሆነው ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ባደገ በዓመቱ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድ ግቡን የጠበቀው ጋናዊው ዳንኤል አጄ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ወቀሳው የሚገባው የእኛን ልጅ ከ13 እና 14 ዓመቱ ጀምሮ በወጉ የማያሠለጥነው አሠራር ነው። በብዙ ቦታ የታዳጊ ቡድን ልምምድ ላይ በረኞቹ ሁለት ሆነው ጥግ ላይ ኳስ ይወራወራሉ፣ ከዚያ አጥቂዎች ምት ሲለማመዱ ዒላማ ይሆናሉ። አቋቋም፣ አወጣጥ፣ ጥሪ የሚያስተምራቸው የለም።

ቦንጋ በከፍተኛ ሊግ የተጫወተ ካፋ ቡና የሚባል ክለብ አላት። ከጊምቦ እስከ ዴቻ፣ ከጨና እስከ ጌሻ ኳስ የማይጫወት ቀበሌ የለም። ዝናቡና ጭቃው ደግሞ ማንም ገንዘብ አውጥቶ የማይገዛው የልምምድ ሜዳ ነው። የታዳጊ ፕሮጀክት የምትመሩ አሰልጣኞች፣ ከሳምንቱ ልምምድ አንዱን ቀን ለበረኞች ብቻ ስጡ፤ ዝናብ ሲጥልም ልምምዱን አትሰርዙ።