የቃኘው ዘማቾች፦ ከኮሪያ ግንባር እስከ ልጅ ልጅ

የቃኘው ሻለቃ ጦር ኢትዮጵያ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የላከችውና በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማ ሥር የተዋጋው ጦር ነው። ስሙ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ነበር። ወታደሮቹ የተመለመሉት ከክብር ዘበኛ ሲሆን፣ በየዓመቱ አንዱ ሻለቃ ሌላውን እየተካ ግንባር ቆይቷል። ከአፍሪካ እግረኛ ጦር የላከች ብቸኛ አገር ኢትዮጵያ ነበረች፤ ደቡብ አፍሪካ የላከችው የአየር ኃይል ቡድን ነው።

የዘመቻው ምክንያት ከኮሪያ በፊት ይጀምራል። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ፋሺስት ወረራ አቤት ሲሉ፣ ማኅበሩ ለተጠቃ አባሉ አልደረሰለትም። ሰሜን ኮሪያ ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. ደቡቡን ስትወር ማኅበሩን የተካው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያንኑ ፈተና ገጠመው። ትናንት «አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይድረስለት» ብላ የጮኸች አገር፣ ዛሬ ጥሪው ወደ እሷ ሲመጣ ዝም ማለት አልቻለችም። ስለዚህ የቃኘው ዘመቻ ለሩቅ አገር የተደረገ ውለታ ብቻ አልነበረም፤ ኢትዮጵያ ራሷ የተነፈገችውን ፍትሕ ለሌላው ለማድረስ የከፈለችው ዋጋ ነው።

የመጀመሪያው ቃኘው ሚያዝያ 5 ቀን 1943 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተሰናብቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረደ። ከዚያ በአሜሪካ የጦር ማጓጓዣ መርከብ ተሳፍሮ፣ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ተጉዞ ፑሳን ደረሰ። የዘመቻው ጦር ጠቅላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ ይርጌቱ ነበሩ። ከመኮንኖቹ ብዙዎቹ የስዊድን መኮንኖች ባስተማሩበት የክብር ዘበኛ ጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ናቸው። ጦሩ ኮሪያ ሲገባ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተቀላቅሎ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተሰለፈ።

ውጊያው የተራራ ውጊያ ነው። በደጋ ያደገው ወታደር ዳገቱን አልፈራውም፤ ያልለመደው የክረምቱን በረዶ ነው። በሁለተኛው ቃኘው የዘመቱ፣ ዛሬ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አንድ አዛውንት ይህን ሲያወሩ እጃቸውን እያሻሹ ነው። «ጋቢ ለብሼ ያደግሁ ሰው፣ ጣቴ ከጠመንጃው ብረት ጋር ሲጣበቅ ያየሁት እዚያ ነው» ይላሉ። «ሌሊት ለቅኝት ስንወጣ የምንነጋገረው በእጅ ነው። ከኋላዬ ያለው ጓዴ ትከሻዬን ሲነካኝ ምን እንዳለኝ ይገባኛል። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ከኋላዬ ሲነካኝ ቁጭ እላለሁ።»

ስለ እነዚህ የሌሊት ቅኝቶች ከተጻፉት ሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው የአሜሪካው ወታደራዊ ታሪክ ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል «ፖርክ ቾፕ ሂል» የተባለው መጽሐፍ ነው። ማርሻል ከውጊያ የተመለሱትን ወታደሮች አንድ ላይ ሰብስቦ በመጠየቅ ይታወቅ ነበር። በመጽሐፉ በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያኑ በግንባር ምሽጎችና በቅኝት ያሳዩትን ጽናት በአድናቆት መዝግቦታል። ግሪካዊው ጋዜጠኛ ኪሞን ስኮርዲሌስም ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ ስለ ቃኘው ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትሟል። ዘማቾቹ ከሁሉም አስቀድመው የሚያነሱት ግን የማረከ እንጂ የተማረከ ወገን እንዳልነበራቸው ነው። የወደቀ ጓድ በጠላት መሬት አይተውም፤ አስከሬኑን ለማምጣት ሌላ ሕይወት ይከፈላል። በዚህም ምክንያት በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ኢትዮጵያዊ አልቀረም። የቃኘው ሙታን ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፈዋል።

የተኩስ አቁም ስምምነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ሲፈረም ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ግንባሩን አይተውት ነበር። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ ከ530 በላይ ቆስለዋል። ከስምምነቱ በኋላ ሰላሙን ለመጠበቅ የሄዱት ሲጨመሩ የዘማቾቹ ቁጥር ከ6,000 ያልፋል። ውጊያው ጋብ ባለበት ጊዜ ወታደሮቹ በዶንግዱቾን ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ሰብስበው ያሳደጉበት ቤትም በኮሪያውያን ዘንድ እስከ ዛሬ በምስጋና ይነሳል። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈው ማሞ ወልዴም ኮሪያ ደርሶ የመጣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር።

የቃኘውን ታሪክ እንደገና ለመመርመር መነሻ የሆነው ተራ አጋጣሚ ነው። ከላይ የተጠቀሱት አዛውንት በካቴድራሉ ቅጥር ግቢ፣ ሜዳሊያቸውን በካፖርታቸው ላይ ደርድረው፣ ለልጅ ልጃቸው የጓዶቻቸውን ስም ሲነግሩ ተገኙ። ልጅቷ ስሞቹን በስልኳ ትመዘግባለች። ከስሞቹ አብዛኞቹን ቤተሰቡ ሰምቷቸው አያውቅም ነበር።

የቃኘው ታሪክ ሲነገር የሚዘለው ቤተሰቡ ነው። ወታደሩ ሲዘምት ሚስት ቤቱን ይዛ ቀርታለች፤ እናት ስለት ተስላለች፤ የሩቅ አገር ደብዳቤ ማንበብ በሚችል ጎረቤት ተነቧል። «የእኔን ደብዳቤ የሚያነብላት የሰፈራችን ዲያቆን ነበር» ይላሉ አዛውንቱ ስለ ሟች ባለቤታቸው። «ስለዚህ ናፍቆቴን ጽፌላት አላውቅም፣ አፍሬ። ደኅና ነኝ፣ በርቺ፣ ይኸው ነው። ስመለስ ግን ሁሉን ነገርኳት።» ከዘመቻ የተመለሱ ብዙዎች በአዲስ አበባ እስከ ዛሬ ኮሪያ ሰፈር በሚባለው አካባቢ ጎጆ ቀልሰው ልጆች አሳድገዋል።

ክብሩ ግን ብዙ አልቆየም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ፣ የኮሪያ ዘማቾች የነበሩበት ያ ጦር በጥርጣሬ ዓይን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1960 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ቹንቾን ከተማ በቆመው የኢትዮጵያውያን ዘማቾች መታሰቢያ ፊት ቢገኙም፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። በኮንጎም የተባበሩት መንግሥታትን ጦር የመሩት ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት ሲመሠርት፣ ደቡቡን ያዳነ ዘማች መሆን የማይነገር ነገር ሆነ። «ሜዳሊያዬን ጤፍ ጆንያ ውስጥ የደበቀችው ባለቤቴ ናት። አሥራ ምናምን ዓመት እዚያው ኖረ። ጤፉ ሲያልቅ ወደ ሌላ ጆንያ ታዛውረዋለች» ይላሉ አዛውንቱ።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ዘማቾቹ ማኅበራቸውን አጠናክረው በአደባባይ ታዩ። በአፍንጮ በር የመታሰቢያ ፓርክ ተሠራላቸው፤ ቹንቾንም በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያውያን መታሰቢያ አዳራሽ ከፈተች። የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንቶች ሊ ሚዩንግ ባክ በ2003፣ ፓርክ ጉን ሄ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተዋል። ለዘማቾች የሕክምናና የገንዘብ ድጋፍ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የትምህርት ዕድል ሲሰጥ ቆይቷል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ የአገር ቤቱ ድርሻ ነው። በዕድሜ የገፉ ዘማቾችና ባል የሞተባቸው እናቶች በአነስተኛ ጡረታና በውጭ እርዳታ ይኖራሉ። የአገር ውስጥ ድጋፉ ምን እንደሆነ የተጠየቁ አንድ ኃላፊ ጉዳዩ ሌላ ክፍልን ይመለከታል አሉ፤ የተባለው ክፍልም ወደ እሳቸው መለሰ። በድጋሚ ሲጠየቁ መልስ አልሰጡም።

አዛውንቱ ግን ቅሬታ አያበዙም። «ብዙ ጓዶቼ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላቸውም ነበር። እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ዳርኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ተመስገን ካላልኩ በእነሱ ላይ ነውር ነው» ይላሉ። ይህ ምስጋና የእሳቸው ነው፤ ለፈጣሪ፣ ለባለቤታቸውና ለጓዶቻቸው የሚያቀርቡት። መንግሥትም ሕዝብም ይህን ምስጋና ለውለታቸው እንደ ተከፈለ ዋጋ ሊቆጥሩት አይገባም።

በሕይወት ያሉት ዘማቾች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ቃላቸውን መቅዳት፣ ፎቶግራፋቸውንና ደብዳቤያቸውን በቤተ መዛግብት ማኖር፣ ለእነሱና ለሚስቶቻቸው የተወሰነ ቋሚ ድጎማ መመደብ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። የመንግሥት አካላት ይህን ጉዳይ የሚመልስ አንድ ክፍል ይሰይሙ። በቤቱ የኮሪያ ዘማች ያለው ሁሉ ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ ዛሬውኑ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይጠይቃቸው፤ ስሞቹንም ይጻፍ።