ከምንጣፉ ሥር

ባለፈው መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ከአፋር የመስክ ሥራ ተመልሶ ጋራዣችን ገባ። የመጣው ለመደበኛ ሰርቪስ ነው፤ ዘይት ሊቀየርለት፣ ፊልትሮው ሊታይ፣ የፍሬን ሸራው ሊፈተሽ። ሹፌሩ ጡረታቸው የተቃረበ፣ መኪናቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ውጪው ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ ውስጡም ተጠርጎ ሽቶ ተረጭቶበታል። ከመሪው ሥር የተነጠፈው ምንጣፍ በዚያው ሰሞን የተገዛ፣ ቆዳ መሰል፣ ጠርዙ በወርቃማ ክር የተሰፋ ነበር። እኔ ደግሞ ከመስክ የተመለሰ መኪና ሲመጣልኝ ኮፈኑን ከመክፈቴ በፊት የሹፌሩን ምንጣፍ የማንሣት ልማድ አለኝ። አነሣሁት።

ከሥሩ ያለው ሞኬት ላይ ላዩን ሲነካ ደረቅ ነው። መዳፌን አሳርፌ በክብደቴ ስጫነው ግን በጣቶቼ መሐል ቡናማ ውሃ ብቅ አለ። ሞኬቱን ከበሩ ደፍ በኩል ገልጠን፣ ከሥር ያለውን ስፖንጅ ጎትተን ስናወጣው፣ ላሜራው ላይ ዝገትና ነጭ ጨው ተጋግሮ በንብርብር ይነሣል። ካቻቪቴ አስደግፌ ገፋ አደረግሁት። ያለ ምንም ትግል አልፎ ወጣ፤ በቀዳዳው የጋራዡ ሲሚንቶ ታየን።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በየቀኑ ነው የማጸዳው» አሉኝ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

እውነታቸውን ነው። ምንጣፉን በየቀኑ ያራግፋሉ፣ ይወለውላሉ። ከሥሩ ያለውን ሞኬት ገልጠው ይዩት ያላቸው ሰው ግን አልነበረም። በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ዓመት ስቆይ ያየሁት ነገር ይኸው ነው፤ የመስክ መኪና ወለል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምንጣፍ በማጣት ሳይሆን ከምንጣፉ ሥር ያለው ሳይገለጥ በመክረሙ ነው።

የአፋሩን መኪና ነገር ላስረዳ። ደናክል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ ጨው የተነጠፈበት ምድር ነው። ሰው ከመኪና ወርዶ በአሳሌ ሐይቅ ዳር ጥቂት ከተራመደ ጨዋማውን ውሃ በጫማው ተሸክሞ ወደ መኪናው ይገባል። ሙቀቱ ውሃውን ወዲያው ስለሚያደርቀው ሹፌሩ የሚያየው ነጭ ዱቄት ብቻ ነው፤ ጠርጎት ያልፋል። የተረፈው ሞኬቱ ውስጥ ይሰርጋል። እዚያ በረሃው ውስጥ እስካለ ድረስም ብዙ አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው መኪናው ወደ ደጋ ሲመለስ ነው። ጨው እርጥበትን ከአየር ይስባል፣ የሐምሌ ዝናብ ደግሞ በጫማና በዣንጥላ ይገባል፣ ላዩ ላይ አየር የማያስወጣ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። ላሜራው እንግዲህ ቀንም ሌሊትም ጨው ውሃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ይቆያል ማለት ነው፤ ጨው ያለበት ውሃ ብረትን የሚበላበት ፍጥነት ደግሞ ከዝናብ ውሃ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

መረሬ አፈር ሌላ ጠባይ አለው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በክረምት የረገጠው ሰው እንደሚያውቀው ጫማ ላይ ከተጣበቀ ጫማውን ሁለት እጥፍ ያደርገዋል። በጎጃምና በጎንደር ዋልካ የሚሉት ይህንኑ ነው። ጠርዙ ዝቅ ያለ ምንጣፍ እዚህ አፈር ላይ አንድ ቀን አይውልም፤ ጭቃው ሞልቶ ወደ ሞኬቱ ይፈሳል። ስለዚህ ለደጋ ክረምት ጠርዙ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ያለ፣ ሆዱ ላይ ጭቃና ውሃ የሚይዝበት ጥልቅ ቦይ ያለው ምንጣፍ እመክራለሁ። በፔዳሎቹ በኩል ግን ጠርዙ ዝቅ ማለት አለበት፤ ምክንያቱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ሶማሌ ተራ ሄዶ ምንጣፍ የሚጠይቅ ሰው ፊቱ ላይ የሚዘረገፍለት ብዙ ዓይነት ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ያ ቆዳ መሰሉ፣ ሰቨን ዲ የሚሉት ነው። ለከተማ መኪና አልጠላውም፤ ያምራል፣ ወለሉን ሙሉ ይሸፍናል። ለመስክ መኪና ግን አይሆንም። ከሥሩ ስፖንጅ አለው፤ ስፖንጁ ውሃ ይይዛል፤ ወለሉንም ጥግ እስከ ጥግ ስለሚሸፍን የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ሞኬት ምንጣፍም አቧራን ዓመት ሙሉ አምቆ ይዞ በየጉዞው መልሶ ይተነፍሰዋል። ኢቪኤ የሚባለው ቀፎ የመሰለው ቀላልና ለማጠብ የሚመች ነው፤ ጉድጓዶቹ አቧራና ውሃ ይይዛሉ፣ ዋልካ ሲሞላባቸው ግን ማውጣቱ ትግል ነው፤ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታም ቶሎ ይሳሳል። እኔ የምመርጠው ወፍራም ጎማ ወይም ቲፒኢ የሚሉትን ጎማ መሰል ፕላስቲክ ነው። ጎማ ይከብዳል፤ ክብደቱ ግን በኮረኮንች ላይ ከቦታው እንዳይንሸራተት ያግዘዋል። ቲፒኢ ቀለል ያለ ነው፤ በብርድ አይደርቅም፣ በሙቀትም ብዙ አይሸትም። ርካሽ የፒቪሲ ምንጣፍን ጥጉን አጥፌ አየዋለሁ፤ መታጠፊያው ላይ ነጭ መሥመር ካወጣ አልገዛውም። እንዲህ ያለው የሰናቴ አምባ ብርድ ላይ ይሰነጠቃል፣ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ጠርዙ ይጠቀለላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው የሰባዎቹ ተከታታይ ላንድክሩዘር፣ ለሥራ ተብሎ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወለሉ በፋብሪካ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ባለቤቱ «ጭነት መኪና መሰለ» ብሎ ታፒሴሪ ይወስደውና በማስቲሽ ሞኬት ያስለጥፍበታል። እባካችሁ አታድርጉት። ያ ፕላስቲክ በእርጥብ ጨርቅ የሚጸዳ፣ ለጭቃ ታስቦ የተሠራ ወለል ነው፤ ላዩ ላይ አንድ ጥሩ ጎማ ምንጣፍ ብቻ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ፔዳሎቹ ልመለስ። አንድ ፒክአፕ «ማርሽ አልገባ ይላል፣ ይጮሃል» ተብሎ መጣልኝ። ሌላ ቦታ ካምቢዮው ወርዶ፣ የፍሪሲዮን ሸራው ተቀይሮ፣ ያው ችግር ተመልሶ ነበር። ገብቼ ፍሪሲዮኑን ስረግጥ እግሬ መጨረሻ ሳይደርስ ለስላሳ ነገር ላይ አረፈ። ምንጣፉ ወደፊት ተንሸራትቶ ከፔዳሉ ጀርባ ተጣጥፏል። ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻ ስለማይረገጥ ሞተሩና ካምቢዮው ሙሉ ለሙሉ አይላቀቁም፤ ማርሹ የሚጮኸው ለዚህ ነበር። ምንጣፉን ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ማርሹ ገባ። ባለቤቱ ለካምቢዮ ማውረጃ የከፈለውን ገንዘብ እያሰብኩ ያን ቀን ምሳዬ በቅጡ አልወረደልኝም።

በፍሪሲዮን ከሆነ ጉዳቱ ገንዘብ ነው። በፍሬንና በነዳጅ መስጫ ከሆነ ሕይወት ነው። ነሐሴ 22 ቀን 2001 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሳን ዲዬጎ አቅራቢያ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነዳጅ መስጫው ተይዞ አልለቅ ብሎ አራት ሰዎች ሞቱ። ምርመራው እንዳሳየው መኪናው ላይ ተነጥፎ የነበረው የጎማ ምንጣፍ የሌላ ሞዴል ነበር፤ በማያዣውም አልታሰረም፤ ነዳጅ መስጫውን ጠርዙ ያዘው። ከአንድ ወር በኋላ ቶዮታ በዚያው አገር 3.8 ሚሊዮን የሚሆኑ መኪናዎችን በምንጣፍ ምክንያት ጠራ። ይህን ታሪክ አዲስ ሹፌር በመጣ ቁጥር እነግረዋለሁ። ምንጣፉ ዕቃው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ መኪና የተቆረጠ ካልሆነና ካልታሰረ ግን አደጋ ነው።

እኔም በዓይኔ ያየሁት አለ። መኪናውን አንድ ላቫጆ አሳጥበን ከአዲስ አበባ ወደ ደጀን ስንጓዝ ነው። አጣቢዎቹ እንደ ወጉ ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ብለው ካርቶን አነጠፉበት፤ እኛም ረስተነው ወጣን። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል ስንጀምር ሹፌሩ «ፍሬኑ አጠረብኝ» አለ። ረጋ ብሎ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረደ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሳበ፣ ዳር አስያዘው። ካርቶኑ ታጥፎ ከፍሬኑ ፔዳል ሥር ተወሽቋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ካርቶንም፣ ጋዜጣም፣ ማዳበሪያም በሹፌር እግር ሥር እንዲነጠፍ አልፈቅድም። ሁለት ምንጣፍ መደራረብም እንዲሁ ነው። ከመኪናው ጋር የመጣ የማያዣ መንጠቆ ካለ መጀመሪያ እሱ መያዙን እዩ፤ ከዚያ ሞተሩ ሳይነሣ ሦስቱንም ፔዳሎች እስከ ጥግ ረግጣችሁ ልቀቋቸው፤ ወንበሩን ወደፊትና ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁም ድገሙት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

የሚገዛው ምንጣፍ መሪው በየትኛው በኩል ላለ መኪና እንደተቆረጠ መጠየቅም ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ መንዳት ከተሸጋገረች ወዲህ መሪያችን በግራ ነው። ኬንያ፣ ጃፓን፣ አውስትራሊያ በግራ ስለሚነዱ ለእነሱ የተቆረጠ ምንጣፍ ለእኛ ግልባጭ ነው። ነጋዴው «ቆርጬ አስተካክልልሃለሁ» ይላል። የተቆረጠ ምንጣፍ ጠርዙን ያጣል፣ የመንጠቆ ቀዳዳውም ቦታውን ይስታል፤ በቅናሽ ቢሰጣችሁም ተዉት።

እጥበቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የደረቀ ጭቃን ምንጣፉን አጠፍ አጠፍ እያደረጉ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በውሃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በብሩሽ። በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ የሚወለውሉ አሉ፤ ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ያላላዋል። የጎማ ማብለጫ ቅባት ምንጣፍ ላይ መቀባት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ እግር ከፍሬን ላይ እንዲንሸራተት ማድረግ ነው። ከታጠበ በኋላ ጥላ ላይ አቁሞ ማድረቅ፣ ሥሩ ሳይደርቅ አለመመለስ። ምንጣፉ በሚደርቅበት ሰዓት በሮቹን ከፍቶ ወለሉ አየር እንዲያገኝ መተው ነው። ከጨው አገር የተመለሰ ከሆነ ወለሉን በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ማበስ ያስፈልጋል። ለማጠብ ተብሎ የወለሉ የጎማ መድፈኛ ከተነሣም ወንዝ ከመግባታችሁ በፊት መመለሱን አረጋግጡ።

ምንጣፉ ታጥቦ ደርቆ ወለሉ አሁንም ከራሰ ውሃው የሚመጣው ከጫማ አይደለም። ከሹፌሩ ጎን ያለው ተሳፋሪ እግር ሥር ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኤሲው ውሃ ማፍሰሻ ቱቦ በአቧራ ተደፍኖ ነው። ጣትን የሚያጣብቅና የሚጣፍጥ ሽታ ያለው ከሆነ የሂተሩ ራዲያተር እያፈሰሰ ነው፤ እሱ የሞተር ጉዳይ ስለሆነ አይቆይም። ከዝናብ በኋላ ብቻ ከሆነ የፊት መስታወቱንና የበሩን ጎማ እዩ።

የአፋሩን ላንድክሩዘር ባትላሜራው የበሰበሰውን ቆርጦ በአዲስ ላሜራ በየደው፣ ጸረ ዝገት ተቀባ። ሞኬቱን አልመለስንለትም። በኅዳር መጨረሻ እኒያው ሹፌር ከመስክ ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ አቁመው፣ ሰላምታውንም ሳይጨርሱ በሩን ከፍተው የጎማውን ምንጣፍ አነሡና «ንካው» አሉኝ። መዳፌን አሳርፌ ተጫንኩት፤ ደረቅ ነው። ከፍሪሲዮኑ ጀርባ ጥጉ ላይ ግን ጥቂት ነጭ ነገር ይታያል። ጨርቅ አርጥቤ አቀበልኳቸው፤ ጎንበስ ብለው ጠረጉት።