ኩፖንም ሰነድም የሚሞትበት ቀን አለው (ለጀማሪዎች)

የዋጋ ሰንጠረዡ እንደተለመደው ነገ ጠዋት ይለቀቃል። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወረቀት ነው። "ወረቀት ደግሞ ምን ይወራል?" የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ፣ የዶላር ጉዳይ ነው።

እናቴ የስኳርና የዘይት ኩፖን የምታስቀምጥባት አንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ነበረቻት። ቀኑ ሊያልፍ የደረሰው ኩፖን ሁልጊዜ ከላይ ነው፣ ጊዜ ያለው ከስር። ጎረቤት ኩፖኑን ፍራሽ ስር ሲፈልግ እሷ ከሸማቾች ሱቅ ስኳሯን ይዛ ተመልሳለች። ቀኑ ካለፈ ያ ኩፖን ተራ ወረቀት ነው፣ ሱቁ ላይ ብትለምን ማንም አይሰማህም።

እኔ ቢዝነስ ዲፕሎማ ስማር ፋይል በቀን ቅደም ተከተል ይደርደር ተብለናል፣ የመጣበት ቀን ማለታቸው ነው። ገበያ ውስጥ ስገባ ግን ገንዘብ የሚያድነው የእናቴ አደራደር ሆኖ አገኘሁት፤ ወረቀት የሚደረደረው በሚያልቅበት ቀን ነው።

እንዴት ገባኝ? በኪሳራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገበሬዎች ዩኒየን አንድ ኮንቴነር የታጠበ ቡና በኤልሲ ሸጠ፣ ያገናኘሁት እኔ ነበርኩ። 320 ከረጢት፣ 19,200 ኪሎ። ቡናው እንከን የለውም፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ በሰዓቱ ተጫነ። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ መጥቶ አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኛ፣ ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጅኑ ሌላ ፋይል ውስጥ። ተሰብስቦ ባንክ ሲቀርብ ከተጫነ 24 ቀን ሆኖታል። በመሀል የኒውዮርክ ዋጋ ወርዶ ነበር። ገዢው ምክንያት አገኘ፦ "ሰነዱ ዘግይቷል፣ አልቀበልም" አለ። በኋላ "በፓውንድ 10 ሳንቲም ቀንሱልኝና ልቀበል" አለ።

የዩኒየኑ ሰው ደውሎ "ወንድሜ፣ ወረቀቱ እኮ አልጠፋም፣ እዚሁ ነበር" አለኝ። ምን ዋጋ አለው?

ሒሳቡን እዩት። 19,200 ኪሎ ወደ 42,300 ፓውንድ ነው። በ10 ሳንቲም ሲባዛ 4,230 ዶላር። ያ ገንዘብ የወጣው ለአባላት ከሚከፋፈለው ላይ ነው። እሸት ቡና የለቀመው ገበሬ ስለ መሳቢያው ምን ያውቃል? እኔም ነፃ አይደለሁም፣ "ቀኑ መቼ ነው የሚያልቀው?" ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም።

ገዢው እንዴት እንቢ ሊል ቻለ? ኤልሲዎች የሚመሩበት ዩሲፒ 600 የሚባል ዓለም አቀፍ ደንብ አለ፣ ከ2007 (በፈረንጅ) ጀምሮ የሚሠራ። በደንቡ መሠረት ኤልሲው ሌላ ቁጥር ካልጻፈ ሰነድ ከተጫነ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። የምንቆጥረው የካሌንደር ቀን ነው፣ እሁድም በዓልም ይቆጠራል። በዚያ ላይ ኤልሲው ራሱ ከሚያልቅበት ቀን ማለፍ አይችልም። ሁለቱን አስሉና ቀድሞ የሚመጣውን ያዙ። ለምሳሌ ጃንዋሪ 10 ከተጫነ 21 ቀኑ ጃንዋሪ 31 ይሞላል። ኤልሲው የሚያልቀው ጃንዋሪ 28 ከሆነ ግን የእናንተ ቀን 28 ነው።

አሁን ወደ አደራደሩ። ውድ ነገር አያስፈልግም፣ ሦስት ቦክስ ፋይልና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ይበቃል።

1. ወረቀት እጃችሁ እንደገባ የሚያልቅበትን ቀን ፈልጋችሁ በቀኝ በኩል ከላይ በቀይ ጻፉ። ዋናው ሰነድ ላይ አትሞነጫጭሩ፣ ባንክ የሚሄደውን ላስቲክ ውስጥ አድርጉና ላስቲኩ ላይ ጻፉ። የወሩን ስም በፊደል፣ በሁለቱም አቆጣጠር። 05/04 ብቻ ከተጻፈ አንዱ ታኅሣሥ 5 ይለዋል፣ ሌላው ኤፕሪል 5፣ አሜሪካዊው ገዢ ደግሞ ሜይ 4።

2. አንደኛው ፋይል፦ "የሚሞት"። የኤልሲ ሰነዶች፣ ከመጋዘን የመረከቢያ ወረቀት፣ ኢንሹራንስ፣ የሚታደስ ፈቃድ። ቀድሞ የሚያልቀው ከፊት ይቀመጣል። የአንድ ጭነት ሰነዶች በአንድ ላስቲክ ውስጥ ይሁኑ፣ የኛ ቢል ኦፍ ሌዲንግ ከጓደኞቹ ተለይቶ ነው የተረሳው።

3. ሁለተኛው ፋይል፦ "ለግብር"። የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝ እውነተኛ ኩፖን ነው። ገዢው ከሒሳባችሁ ቀንሶ ለመንግሥት የከፈለላችሁ ግብር ስለሆነ የዓመቱ ግብር ሲሰላ ይቀነስላችኋል። ማስረጃው ከሌለ አንዱን ብር ሁለቴ እንደ መክፈል ነው። በጀት ዓመታችሁ ሰኔ 30 የሚዘጋና የደረጃ "ሀ" ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ማሳወቂያው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ነው። ጥቅምት 28 ላይ ለገዢ ደውሎ "ደረሰኝ ላክልኝ" የሚል ሰው አትሁኑ።

4. ሦስተኛው ፋይል፦ "ለክርክር"። የሚዛን ወረቀት፣ የደረጃ ውጤት፣ ውል፣ ሹፌር የፈረመበት መረካከቢያ። ቀን የለውም፣ ግን ኪሎ ጎደለ የተባለ ዕለት የሚያወራላችሁ እሱ ብቻ ነው።

5. የማሽን ደረሰኝ ሙቀትና ጊዜ ያደበዝዘዋል። በዕለቱ ፎቶ አንሱ፣ ኮፒም አድርጉ፣ ዋናውን ግን አትጣሉ።

6. ሰኞ ጠዋት፣ ገበያ ሳይሞቅ፣ "የሚሞት" የሚለውን ፋይል ክፈቱ። 10 ደቂቃ ይበቃል። በ2 ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ካለ ዛሬውኑ ሰው ይመደብለት፣ ስሙም ይጻፍ። "ቢሮው ያየዋል" ከተባለ ማንም አያየውም።

አንድ ነገር ልጨምር። 21 ቀን አለን ብላችሁ 21ኛው ቀን ድረስ አትጠብቁ። ባንክ ሰነዱን ለመመርመር እስከ 5 የሥራ ቀን አለው። በ10ኛው ቀን አቅርባችሁ የስም ስህተት ቢገኝ የምታርሙበት ጊዜ ይተርፋችኋል። በ21ኛው ቀን ከቀረበ ግን ስህተቱ ሲገኝ ቀኑ አልፏል፣ ከዚያ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው።

የኒውዮርክን ዋጋ እኔም እናንተም አናዝበትም። መሳቢያችንን ግን እናዝበታለን። ዛሬ ማታ ክፈቱትና ከፊት ያለውን ቀን እዩ። ለዩኒየን ሒሳብ ሠራተኞችና ለጀማሪ ላኪዎች ሼር አድርጉላቸው። ነገ ጠዋት በዋጋ እንገናኝ።