ቮልዩምን ከፑል ወደ ፑል ስለ ማዛወር

ከእኛ ከታሪክና ከሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች መካከል ለመመረቂያ ጽሑፍ ሲሉ የአዛውንቶችን ቃል በድምፅ የሚቀዱ ብዙዎች ናቸው። ተናጋሪው ካለፉ በኋላ ቅጂው ቢጠፋ ገንዘብም ሆነ ድካም አይመልሰውም። ስለዚህ የዲስክን ነገር የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አይገባንም። አሮጌው ዲስክ ሲሞላ ሥራችንን ወደ አዲሱ እንዴት እንደምናሻግር ባጭሩ እናስረዳለን።

ለምሳሌ የምንወስደው ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ነው። ይኸን ሥርዓት ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አህረንስ በ2001 እ.ኤ.አ. በሰን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ መሥራት ጀመሩ፤ በ2005 ምንጩ ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ዛሬ በሊኑክስና በፍሪቢኤስዲ ላይ ይሠራል። በዚህ ሥርዓት ዲስኮች ተጣምረው ፑል ይሆናሉ። ፑል እንደ ጎተራ ነው፤ ቮልዩም ደግሞ በጎተራው ውስጥ የተከለለ ክፍል ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። በአንድ ፑል ውስጥ የቮልዩምን ስም መለወጥ የቅጽበት ሥራ ሲሆን፣ ከፑል ወደ ፑል ግን «አዛውር» የሚል አንድ ትእዛዝ የለም። ማዛወር የምንለው መገልበጥ፣ መመርመርና መደምሰስ የሚባሉ ሦስት ሥራዎች ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ከተፋለሰ ጥፋት ይመጣል።

ትእዛዞቹ በተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። «ዜድኤፍኤስ ስናፕሾት» የቮልዩሙን የዚያችን ቅጽበት መልክ ይይዛል፤ ሥራው ቢቀጥልም ያ መልክ አይለወጥም። «ዜድኤፍኤስ ሴንድ» ያንን መልክ እንደ ጅረት ያፈሰዋል፤ «ዜድኤፍኤስ ሪሲቭ» ደግሞ በአዲሱ ፑል ይቀበለዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው በመካከላቸው የሚጻፈው ፓይፕ የተባለው ቀጥ ያለ መስመር ነው።

ግልበጣው ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል በዚያ ጊዜ የተጨመረው ሥራ ወደ ኋላ ይቀራል። በመሆኑም በአሮጌው ላይ መጻፍ እናቆምና ሁለተኛ ስናፕሾት እናነሣለን፤ ከዚያም በሴንድ ላይ የ«አይ» ምልክት ጨምረን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ እንልካለን። እስከዚያ ድረስ በአዲሱ ቅጂ ላይ ምንም ሊጻፍ አይገባም፤ ከተጻፈበት ሪሲቭ ልዩነቱን አልቀበልም ይላል።

ቀጥሎ ምርመራ ነው። «ዜድፑል ስክረብ» በአዲሱ ፑል ያለውን ሁሉ አንብቦ፣ እያንዳንዱን ክፍል ከተመዘገበለት የመቆጣጠሪያ ቁጥር ጋር ያስተያያል፤ ውጤቱን «ዜድፑል ስታተስ» ይነግረናል። ይህም ብቻ አይበቃም፤ ጥቂት ቅጂዎችን ራሳችን ከፍተን ልናዳምጥ ይገባል።

መደምሰሻው «ዜድኤፍኤስ ዴስትሮይ» የመጨረሻው ነው። የተደመሰሰው ነገር ተመልሶ የሚለቀምበት ቅርጫት የለውም፤ በ«አር» ምልክት ከታዘዘም ስናፕሾቶቹን አብሮ ያጠፋል። አስቀድሞ የ«ኤን»ና የ«ቪ» ምልክቶች ቢጨመሩበት ግን ምንም ሳይነካ ምን ሊጠፋ እንደሆነ ብቻ ያሳያል።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ቦታ ጠበበን ብለን ለመደምሰስ አንቸኩል። አዲሱ ጎተራ እህሉን በደኅና መያዙን ሳያይ አሮጌውን የሚያፈርስ ገበሬ የለም። ደግሞም አሮጌው ከተደመሰሰ በኋላ በእጃችን የሚቀረው አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑን አንርሳ፤ ከመደምሰሳችን በፊት ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ቤት እናኑር።