ለሠርግ ሰውነትን ስለ ማዘጋጀት

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዐቢይ ጾም ጋብቻ ስለማይፈጸም፤ ብዙው የክርስቲያን ሠርግ ከጾሙ በፊት በጥር ወር፤ ከጾሙም በኋላ በፋሲካ ማግሥት ባሉት ሳምንታት ይከማቻል። ይህ ወራት በቀረበ ቍጥር ሙሽሮችና ሚዜዎች ከልብሱና ከድግሱ ጋራ ስለ ሰውነታቸው ማሰብ ይጀምራሉ። አንዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቦርጩን ለማጥፋት ምግብ ይተዋል፤ ሌላዋ ፊቷን ለማቅላት ከሱቅ ቅባት ትገዛለች። በዚህ አጭር ጽሑፍ ከነዚህ ዝግጅቶች የትኛው ሰውነትን እንደሚጠቅም፤ የትኛውም እንደሚጐዳ ከነምክንያቱ ለማስረዳት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ መክሳት እንናገር። ሰው ምግቡን በድንገት ሲቀንስ በመጀመሪያው ሳምንት ክብደቱ ፈጥኖ ይወርዳል። ይህ ግን በአብዛኛው ስቡ ጠፍቶ አይደለም። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል ስንቅ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱም ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ስንቁ ሲያልቅ ውሃው አብሮ ይወጣል፤ ሰውዬው እንደ ልማዱ መብላት ሲጀምር ደግሞ ውሃው ይመለሳል። ረኀቡ ከቀጠለ ከስቡ ጋራ ጡንቻው ይቀልጣል፤ በጣም ፈጥኖ በሚከሳ ሰው ላይም የሐሞት ጠጠር ሊፈጠር ይችላል። ፀጕርም ይጐዳል። ነገር ግን የፀጕሩ መርገፍ የሚታየው ሰውነቱ ከተራበ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ስለ ሆነ፤ ከሠርጉ በኋላ ፀጕሯ የሚረግፍባት ሴት ምክንያቱን ከዚያ ጾሟን ከዋለችበት ጊዜ ጋራ ሳታያይዘው ትቀራለች።

ጤናን ሳይነካ ለመክሳት በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ መቀነስ ይበቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፤ ማለት 8 ሳምንት ያህል ስለ ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ የሚያገባ ሰው በጾሙ መያዣ ቢጀምር በሳምንት በግማሽ ኪሎ ሒሳብ 4 ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ይሁንና መጾም ብቻውን አያከሳም፤ ቀኑን ሙሉ ውሎ ማታ በዘይት የበዛ ወጥ አብዝቶ የሚበላ ሰው ሊወፍርም ይችላል። የጾም ምግብ ከሽሮ፤ ከምስርና ከባቄላ ሲሆን ለጡንቻ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ይሰጣል። በምስርና በጤፍ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ከምግቡ ጋራ ቲማቲም ወይም ብርቱካን መብላት ይረዳል፤ ቡናና ሻይ ግን ብረቱ እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ ትንሽ ቢዘገዩ ይሻላል።

ስለ ስፖርትም ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት እ. ኤ. አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፤ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፤ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው። ለኛ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ለዚህ ይበቃል። ከቆላ ወይም ከውጭ አገር ለሠርግ የመጣ እንግዳ ግን አየሩ ስስ ስለሚሆንበት የመጀመሪያዎቹን ቀናት በዝግታ ቢጀምር ይገባዋል።

የአባቶቻችንና የእናቶቻችን የሠርግ ማሰናጃ በአብዛኛው መልካም ነው። እጅንና እግርን የሚያቀላው እንሶስላ ከተክል ሥር የሚገኝ ነው። በእርሱ ፈንታ የሚሸጠው ጥቁር ሂና ግን ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ቀለም ሲገባበት ቆዳን ሊያቃጥልና ሊያቈስል ይችላል። በወሎና በሌሎችም አገሮች የታወቀው የወይባ ጢስ ሰውነትን ያሞቃል፤ ያልባል፤ መልካም ሽታም ይሰጣል። በጢሱ የወጣው ላብ ውሃ እንጂ ስብ አይደለምና ከጢሱ በኋላ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ከሚነደው እንጨት ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ስለሚወጣ፤ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል መሞቅ ለሞት ያደርሳል። እርጉዝ ሴትም ከዚህ ብትርቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን የሚያቀላ ቅባት ነው። የቆዳችን ቀለም ሜላኒን ከሚባል ነገር የመጣ ሲሆን ይህም ቆዳን ከፀሐይ ጨረር ይጠብቃል። በአንዳንዱ ቅባት ውስጥ የሚገኘው ባዜቃ፤ ማለት ሜርኩሪ፤ ሜላኒን የሚሠራውን ኤንዛይም ያግዳል፤ ስለዚህም ፊቱ ይቀላል። ነገር ግን ባዜቃው በቆዳ ዘልቆ ኩላሊትንና ነርቭን ይጐዳል፤ በማኅፀን ላለ ሕፃንም ይተርፋል። እ. ኤ. አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት እንዲህ ያለው ቅባት ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና በአገሮች መካከል እንዳይነገድ ከልክሏል፤ ሆኖም በሱቅ መገኘቱ አልቀረም። በቅባቱ ላይ ሜርኩሪ ወይም ካሎሜል የሚል ከተጻፈበት መተው ነው፤ ምንም ያልተጻፈበትም የታመነ አይደለም። ሃይድሮኪኖን ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት በፊት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁረት ሊያመጣ ይችላል፤ ይህም በቀላሉ አይለቅም። ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ደግሞ ቆዳን ያሳሳል፤ ብጕርም ያወጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው ሰውነት የሚሻሻለው በዝግታ መሆኑን ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ መራመድ፤ በቂ እንቅልፍ መተኛትና ተመጣጣኝ ምግብ መብላት የሚሰጡት መልክ ከሠርጉ በኋላም አይጠፋም። ሙሽራዪቱን ብዙ ጊዜ ወደ ቅባቱ የሚገፋት የራስዋ ፈቃድ ሳይሆን፤ «ትንሽ ብትቀዪ» የሚላት ዘመድና ጓደኛ ነው። ስለዚህ ሚዜ ሆነን የምንቆም ተማሪዎች የሙሽራዪቱን ቅባት አንሥተን በላዩ የተጻፈውን ብናነብላት፤ ከምንሰጣት ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ይሆናል።